የተቃጠለው ሞስፌት ጥፋተኛ አይደለም

የሞተ የመኪና አምፕሊፋየር ሲመጣልኝ አብዛኛውን ጊዜ ከእኔ በፊት ሌላ እጅ ገብቶበታል። የክዳኑ ብሎኖች በማይገጥማቸው ካቻቢቴ ተበልተዋል፤ በኃይል ክፍሉ ካሉት ሞስፌቶች፣ ማለትም ጅረት ከሚከፍቱና ከሚዘጉ ባለ ሦስት እግር ትራንዚስተሮች፣ አንዳንዶቹ አዲስ ናቸው፤ አዲሶቹም ተቃጥለዋል። ባለቤቱ ለመለዋወጫ ከፍሏል፣ ለእጅ ዋጋ ከፍሏል፣ መኪናው ግን አሁንም ድምፅ የለውም። ደብረ ብርሃን ላይ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ሟቹን ቀብሮ ገዳዩን ሳይጠይቁ መተው ጥገና አይባልም።

በመጀመሪያ ይህ የኃይል ክፍል ለምን እንዳስፈለገ ልናገር፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ብልሽቱን ሊፈልግ አይችልም። የሚኒባስ ባትሪ 12 ቮልት ይሰጣል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲሞላው ወደ 14 ቮልት ይጠጋል። አንድ ማጉያ በዚህ ቮልቴጅ ብቻ ቢሠራ ለ4 ኦም ስፒከር በንጹሕ ድምፅ ሊሰጥ የሚችለው 5 ወይም 6 ዋት ገደማ ነው፤ በአንድ ስፒከር ላይ ሁለት ማጉያ ተጋግዞ እንኳ ከ18 ዋት ብዙም አይዘልም። 100 ዋት ለማግኘት የድምፁ ሞገድ ጫፍ 28 ቮልት መድረስ አለበት። ባትሪው ይህ የለውም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ቮልቴጁን የሚያሳድግ ራሱን የቻለ ክፍል አለ። ቲ ኤል 494 የምትባለው ትንሽ አይሲ (ኬ ኤ 7500 የምትባለውም ቦታዋን ትተካለች) በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ምት ታወጣለች። በሁለት ወገን የተሰለፉ ሞስፌቶች ያንን ምት ተቀብለው የባትሪውን ጅረት በየተራ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የቀለበት ቅርጽ ያለው ትራንስፎርመር ያሳድገዋል፤ ፈጣን ዳዮዶች ያስተካክሉታል፤ በመጨረሻም ለምሳሌ ፖዘቲቭ 32 እና ኔጌቲቭ 32 ቮልት ሆኖ ለድምፅ ክፍሉ ይደርሳል።

ሁለቱ ወገኖች በየተራ መሥራት አለባቸው ያልኩትን ያዙልኝ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ፣ ለአንድ አፍታም ቢሆን፣ ባትሪው በቀጥታ ወደ ኔጌቲቭ ይፈስሳል። የሚቃጠለው ያኔ ነው።

አሁን የምተርከው ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ከሚመላለስ ሚኒባስ ስለ ወጣ አምፕሊፋየር ነው። ያመጡት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሹፌር ናቸው።

«ልጄ፣ ፊውዝ በቀየርኩ ቁጥር ይበጠሳል። ረዳቴ በሽቦ እንቀጥለው ሲለኝ እንቢ አልኩት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መኪናዎን አትርፈዋል» አልኳቸው።

ይህን የተናገርኩት ለማስደሰት አልነበረም። ሾርት የሆነ አምፕሊፋየር ከባትሪ ጋር በሽቦ ሲያያዝ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊስብ ይችላል፤ ሽቦው ወንበሩ ሥር ምንጣፉ ውስጥ ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚነደው አምፕሊፋየሩ ብቻ አይሆንም።

እግረ መንገዴን ስለ ፊውዝ ሌላም ነገር ልበል። በዚያ አምፕሊፋየር ክዳን ላይ በትልቁ 2000 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ጎኑ ላይ ያሉት ፊውዞች ግን ሁለት ባለ 20 አምፔር ናቸው። 40 አምፔር በ14 ቮልት ቢበዛ፣ 560 ዋት ነው፤ ይህም የሚገባው ኃይል እንጂ የሚወጣው አይደለም። ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አምፕሊፋየር የምትገዙ ሰዎች ክዳኑን ትታችሁ ፊውዙን አንብቡ።

ሥራውን የጀመርኩት ባትሪ ሳላገናኝ ነው። መልቲሜትሩን በዳዮድ መለኪያ አድርጌ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ ተርሚናሎቹ መካከል ስለካ ጮኸ፤ በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ። እዚህ ላይ ብዙ ጠጋኞች በቀጥታ ወደ ሞስፌቶቹ ይሄዳሉ። በተርሚናሎቹ መካከል ግን አንዳንድ ጊዜ አንድ ወፍራም ዳዮድ አለ፤ ሥራው ባትሪ በተገላቢጦሽ ሲታሰር ራሱን ሾርት አድርጎ ፊውዙን መበጠስ ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ እርሱ ብቻ የሞተበት አምፕሊፋየር በእጄ አልፏል። አንዱን እግሩን ከቦርዱ አንሥቼ ለካሁት፤ ደህና ነው። እንግዲህ ሾርቱ ከዚያ ወዲያ ነው።

ሞስፌቶቹ ስምንት ናቸው፤ በግራ አራት፣ በቀኝ አራት፣ ሁሉም አይ አር ኤፍ ዜድ 44 ኤን። ጅረቱ ከሚገባበት እግር (ድሬን) እስከሚወጣበት እግር (ሶርስ) ስለካቸው ስምንቱም ሾርት ይላሉ። ይህ ንባብ የሚያሳስት ነው። በአንድ ወገን ያሉት አራቱ ጎን ለጎን የተያያዙ ናቸው፤ ሁለቱ ወገኖች ደግሞ በትራንስፎርመሩ ወፍራም የሽቦ ጥቅል በኩል ይገናኛሉ፤ ጥቅሉ ለመልቲሜትር ዜሮ ኦም ነው። ስለዚህ ከስምንቱ አንዱ ብቻ ቢሞት ሁሉም የሞቱ ይመስላሉ። ሁሉንም ነቅሎ መጣል ሳያስፈልግ ጥፋተኛውን የሚለየው ጌቱ፣ ማለትም ምቱን የሚቀበለው ሦስተኛው እግር፣ ነው። እያንዳንዱ ጌት የራሱ ትንሽ ሬዚስተር ስላለው ከጎረቤቱ በከፊል ተለይቷል። መልቲሜትሩን በኦም አድርጋችሁ ከጌት እግር እስከ ሶርስ ብትለኩ ጤነኞቹ ተቀራራቢ ቁጥር ያሳያሉ፤ የሞተው ጥቂት ኦም ብቻ ይላል። እዚህም ሁለቱ በግራ በኩል ተጋለጡ፤ ከፊታቸው ያሉት የጌት ሬዚስተሮችም ጠቁረዋል። ደግሞም እነዚያ ሁለቱ ከእኔ በፊት የተቀየሩት ነበሩ። የተበየዱበት ሊድ ያበራል፤ የሌሎቹ ግን ዳምኗል።

እንግዲህ ይህ አምፕሊፋየር ሁለት ጊዜ ሞቷል፤ በሁለቱም ጊዜ የገደለው ነገር አሁንም እዚያው ውስጥ ነው። ምርመራው እዚህ ይጀምራል።

ስምንቱንም ሞስፌቶች አወጣሁ። ደህና የነበሩትም ቢሆኑ አብረው ያን ሁሉ ሙቀት ስለቀመሱ አልመልሳቸውም፤ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሞስፌቶች ከአንድ ምርት ካልሆኑ ጭነቱን እኩል አይካፈሉትም። ከዚያም ቦርዱን ያለ ሞስፌት ኃይል ሰጠሁት። የምጠቀመው አሮጌ የመኪና ባትሪ ነው፤ ፖዘቲቩ ላይ ግን ሁልጊዜ ባለ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል በተከታታይ አስራለሁ። ይህ አምፖል ለእኔ ከውድ መሣሪያ ይበልጣል። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ የሚያልፈው ጅረትም ከ5 አምፔር በታች ይቆያል፤ ምንም አይቃጠልም። ደህና ከሆነ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ለቅጽበት ብልጭ ይልና ይደበዝዛል። በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማ ይህን ሥራ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ያለዚህ አምፖል አንድም አምፕሊፋየር አትክፈቱ፤ እለምናችኋለሁ።

ሪሞቱን (አምፕሊፋየሩን የሚያስነሣውን የማብሪያ ተርሚናል) ከፖዘቲቭ ጋር ሳገናኝ የቲ ኤል 494 12ኛ እግር የባትሪውን ቮልቴጅ አገኘ፤ 14ኛው እግር ላይ ትክክለኛ 5 ቮልት ቆመ። 4ኛው እግር ዝቅ ብሎ ነበር። ይህ እግር ከ3 ቮልት በላይ ከወጣ አይሲዋ ምት አታወጣም፤ የጥበቃው ክፍል አስቁሟታል ማለት ነው። እንግዲህ አይሲዋ እየሠራች ነው። ቀጥሎ በባዶዎቹ የጌት ቦታዎች ላይ ለካሁ። ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው ቅርጹን ያያል፤ የሌለው በመልቲሜትር ቀጥተኛ ቮልት ይለካ። ምቱ ግማሹን ጊዜ ከፍ፣ ግማሹን ጊዜ ዝቅ ስለሚል መልቲሜትሩ አማካዩን ያነብባል፤ በሁለቱም ወገን 4 ወይም 5 ቮልት ገደማ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እኩል መሆን አለበት። በቀኝ በኩል እንደዚያው ነበር። በግራ በኩል ግን 8 ቮልት አለፈ።

አይሲዋ ጌቱን የምትከፍተው እርሷው ናት፤ ለመዝጋት ግን አቅሟ ስለማይበቃ በእያንዳንዱ ወገን አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር ትረዳታለች። ሞስፌት ጌቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ይህች ትራንዚስተር ያንን በፍጥነት ታፈስሳለች። እርሷ ከሞተች ሞስፌቱ ቀስ ብሎ ይዘጋል፤ እርሱ ሳይዘጋ የሌላው ወገን ተራ ይደርሳል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። የግራዋ ትራንዚስተር ተበጥሳለች። ሳንቲም የማታወጣ ዕቃ ናት። እርሷ ሳትለካ የተበየዱት አዲስ ሞስፌቶች ግን ገና ባትሪ ሲነካቸው ማለቃቸው የተወሰነ ነበር።

ሆኖም ይህችም የመጀመሪያዋ ጥፋተኛ አልነበረችም። ሞስፌት ሲሞት የባትሪውን ቮልቴጅ በጌቱ በኩል ወደ ኋላ ስለሚልክ እርሷን የገደለው የመጀመሪያው ሞስፌት ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ፊት፣ ወደ ድምፅ ክፍሉ ሄድኩ። የኃይል ክፍሉ ዳዮዶች ደህና ናቸው። የመውጫ ትራንዚስተሮቹን ከኮሌክተር እስከ ኤሚተር ስለካ የኋላው ቀኝ መስመር ላይ ቲ አይ ፒ 35 ሲዋ ሾርት ሆና አገኘኋት፤ ጥንዷ ቲ አይ ፒ 36 ሲም እንዲሁ። ሁለቱ ሲሞቱ ፖዘቲቩ 32 እና ኔጌቲቩ 32 ቮልት ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ትራንስፎርመሩ ያንን ለመመገብ ሞከረ፤ ሞስፌቶቹም ከአቅማቸው በላይ ተሸክመው ነደዱ።

ሁለቱንም ከቀየርኩ በኋላ ወደ ሞስፌቶቹ ተመለስኩ። መለዋወጫው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ተሂዶ የተገዛ ዕቃ ደግሞ ሁልጊዜ የተጻፈበት ዕቃ አይደለም። ላዩ ታጥቦ ሌላ ስም የታተመበት ብዙ ሞስፌት በገበያ ላይ አለ። ስለዚህ ሳልበይዳቸው እፈትናቸዋለሁ። ባለ 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል ከድሬኑ ጋር በተከታታይ አስራለሁ፤ ጌቱን ከ12 ቮልት ጋር በሬዚስተር አገናኛለሁ፤ አምፖሉ ሲበራ ከድሬን እስከ ሶርስ ያለውን ቮልቴጅ እለካለሁ። እውነተኛው አይ አር ኤፍ ዜድ 44 ኤን በተከፈተበት ጊዜ የሚኖረው ተቃውሞ ቢበዛ 17.5 ሚሊ ኦም ነው፤ አምፖሉ የሚስበው 1.75 አምፔር ገደማ ነው፤ ስለዚህ መልቲሜትሩ 30 ሚሊ ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ማሳየት አለበት። 100 ወይም 150 ያሳየውን ወደ ሻጩ እመልሳለሁ። ይህ ፈተና ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጮቹም ዕቃው እንደሚፈተን ካወቁ በኋላ የሚሰጡኝን ይመርጣሉ።

የጌት ሬዚስተሮቹን ስምንቱንም ቀየርኩ፤ ያልጠቆሩትንም ጭምር፤ ምክንያቱም ሳይጠቁር ዋጋው የተቀየረ ሬዚስተር አለ። ከሞስፌቶቹ ጀርባ ያሉትን የሚካ ቁርጥራጮች አጽድቼ አዲስ የሙቀት ቅባት ቀባሁ፤ አሉሚኒየሙ ላይ በደንብ አጠበቅኋቸው። ለመሞከር ብቻ ነው ብሎ ሳያጠብቁ ኃይል የሚሰጡ አሉ፤ ሞስፌት በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፤ ይህን አታድርጉ።

ቦርዱን በጀርባው ገልብጬ በአጉሊ መነጽር ሳይ ደግሞ የትራንስፎርመሩ እግሮች ዙሪያ ሊዱ እንደ ክብ መስመር ተሰንጥቆ ነበር። ይህ በእኛ አካባቢ መኪኖች ላይ የሚበዛ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መንገዱን አውቀዋለሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት መኪናው ሲነሣ አምፕሊፋየሩ በውርጭ ቀዝቅዞ ነው። ጣርማ በር ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ዋሻው አፍ ላይ ብዙ ጊዜ ጉም ነው። ከዚያ በደብረ ሲና ቁልቁል ተወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ፣ ሙቀቱም የቆላ ሙቀት ነው። ያው መኪና ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ብረቱ በየቀኑ ይሰፋል፣ ይኮማተራል፤ በዚያ ላይ ንዝረቱ አለ። ከባዱ ትራንስፎርመር እግሩን እየጎተተ ሊዱን ይሰነጥቃል። በእነዚያ እግሮች የሚያልፈው ደግሞ እስከ 30 አምፔር ነው። የተሰነጠቀውን ሁሉ አዲስ ሊድ ሰጥቼ በየድኩ፤ ትራንስፎርመሩንም ከቦርዱ ጋር በሲሊኮን አጣበቅሁት።

በአምፖሉ በኩል ኃይል ስሰጠው ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም እኩል ቆሙ። የስፒከር መውጫዎቹ ላይ ቀጥተኛ ቮልቴጅ የለም። አምፖሉን አውጥቼ በፊውዝ ካገናኘሁ በኋላ በሙዚቃ ለረጅም ጊዜ አሠራሁት፤ ሁለቱም የሞስፌት ረድፎች በእጅ ሲነኩ እኩል ለብ ብለዋል። አንዱ ወገን ከሌላው ቢግል ኖሮ ሥራው አላለቀም ነበር።

ግን የመውጫ ትራንዚስተሮቹን ማን ገደላቸው? ይህን መልስ ጠረጴዛዬ ላይ ላገኘው አልችልም ነበር። «ጋሼ፣ መኪናዋን ራሷን አምጡልኝ» አልኳቸው። አመጡ። የኋላው ቀኝ ስፒከር ሽቦ በወንበሩ እግር ሥር አልፎ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲቀመጥ ብረቱ ሽቦውን ይጫነዋል፤ ላስቲኩ ተበልቶ መዳቡ የመኪናውን አካል ይነካል። መኪናው ባዶ ሲሆን ድምፁ ደህና ነበር፤ ሲሞላ ይቆራረጥ ነበር። ይህን ረዳቱ ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። አዲስ ሽቦ በጣሪያው ጠርዝ በኩል አሳለፍን። የኔጌቲቩ ሽቦም ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ በዛገ ቡሎን ታስሮ አገኘሁት። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀን ከፖዘቲቩ እኩል በወፈረ ሽቦ አሰርነው። እዚያ ላይ 0.05 ኦም ተቃውሞ ብቻ ቢኖር 30 አምፔር ሲያልፍ 1.5 ቮልት ይጠፋል፤ ቮልቴጅ ሲያንስ ደግሞ ሞስፌቶቹ በደንብ ስለማይከፈቱ ይግላሉ። ዋናውን ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ አዛወርነው፤ አምፕሊፋየሩ ጎን ያለው ፊውዝ በመንገድ ላይ የተላጠን ሽቦ አይጠብቅምና።

ስለ አይሱዙም ጥቂት ማለት አለብኝ፤ በዚህ መንገድ ብዙ አሉ፤ አምፕሊፋየርም በብዛት ይገድላሉ። እነዚህ የጭነት መኪኖች ሁለት ባትሪ በተከታታይ አስረው በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። የ12 ቮልት አምፕሊፋየር በዚያ ላይ ሲታሰር ባለ 16 ቮልት ካፓሲተሮቹ ያብጣሉ፤ ሞስፌቶቹ ወዲያው ይሄዳሉ። ይህ የሆነበት ምክንያት በግልጽ የሚሰላ ነው፤ በዚህ ዓይነቱ የኃይል ክፍል የተዘጋው ወገን ሞስፌት የባትሪውን ቮልቴጅ እጥፍ ይሸከማል። በ14 ቮልት 28 ይሆናል፤ 55 ቮልት ለሚችል ሞስፌት ይህ ሰፊ ነው። ሞተሩ በተነሣ አይሱዙ ላይ ግን 28 ቮልቱ 56 ይሆናል፤ በመክፈትና በመዝጋት የሚፈጠረው ሹል ዝላይ ሳይቆጠር። ከሁለቱ ባትሪዎች በአንዱ ላይ ብቻ ማሰርም መፍትሔ አይደለም፤ ያ ባትሪ እየተራገፈ ሌላኛው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ፣ የአምፕሊፋየሩን አምፔር የሚችል ኮንቨርተር ግዙ። በፊውዙ ላይ የተጻፈውን አምፔር የማይሸከም ኮንቨርተር ራሱ ይቃጠላል።

አንድ ልመና አለኝ። አምፕሊፋየራችሁን ወደ ጠጋኝ ስትወስዱ ከዚህ በፊት የተነቀለውን አሮጌ ዕቃ አትጣሉ፤ በፌስታል አድርጋችሁ አብራችሁ አምጡት። የትኛው እንደተቃጠለ፣ ገጹ ፈንድቶ ወይስ ሳይፈነዳ፣ ከየትኛው ወገን እንደወጣ እኔን ብዙ መንገድ ይመራኛል። ከመሞቱ በፊት ድምፁ ተቆራርጦ እንደሆነ፣ ቀዩ የጥበቃ መብራት በርቶ እንደሆነ፣ ባትሪ በሌላ መኪና ተነሥቶ እንደሆነም ንገሩ። ረዳቱ የሚያውቀው ነገር ካለ ረዳቱም አብሮ ይምጣ።